ቀኝ ሺፍት

በእኛ ቢሮ የላፕቶፕ በሽታ ሁለት ብቻ ነው፤ ወይ ቫይረስ ነው፣ ወይ ፎርማት ያስፈልገዋል። ሁለተኛው መድኃኒት እንጂ በሽታ አይደለም፤ ግን ማን ይለየዋል።

የእኔው ኪቦርድ ዝም ያለው የሩብ ዓመቱ ሪፖርት በሚጠየቅበት ቀን ነው። ማውሱ ይንቀሳቀሳል፣ ስክሪኑ ይበራል፣ ፊደል ግን የለም። ወዲያው ሰው ከበበኝ። አንዱ «ንቀለው» አለኝ፤ ምኑን እንደምነቅል ሳይነግረኝ ወጣ። ሻይ የሚያዞሩልን እትዬ ደግሞ ትሪያቸውን እንደያዙ ቆመው አዩትና «ዓይን ነው ልጄ፤ ትናንት አዲስ ነው እያላችሁ ስታደንቁት ሰምቻለሁ» አሉ። ፎርማት ከሚሉት ይልቅ የእሳቸው ይሻላል፤ ቢያንስ ፋይል አያጠፋም።

ዋናውን ነገር ያደረገው በተግባር ልምምድ ላይ ያለ አንድ ልጅ ነው። ላፕቶፑን አጥፍቶ አስነሳውና ገና ዊንዶውስ ሳይመጣ ኤፍ 2ን ቶሎ ቶሎ መታ። (በሌላው ላፕቶፕ ኤስኬፕ ወይም ዲሊት ሊሆን ይችላል፤ አምራቾቹ በዚህ ተስማምተው አያውቁም።) ባዮስ የሚሉት ገጽ ተከፈተ። ቀስቶቹን ሲጫን ምርጫው ወደ ታች ወደ ላይ ይላል። «ጋሼ፣ ኪቦርዱ ጤነኛ ነው» አለኝ፤ «የታመመው ዊንዶውሱ ነው።» ባዮስ ከዊንዶውስ በፊት የሚነሳ ስለሆነ እዚያ የሠራ ቁልፍ ገመዱም አካሉም ደህና ነው ማለት ነው። አዲስ ኪቦርድ ግዛ ከመባሌ በፊት ይህን በማየቴ ኪሴ አመስግኖታል።

ሪፖርቱ ግን አልቆመም። ልጁ ሴቲንግስ ውስጥ ገብቶ ስክሪን ላይ የሚወጣውን ኪቦርድ አመጣልኝ። በማውስ አንድ አንድ ፊደል እየለቀሙ መጻፍ! የሪፖርቱ ሲስተም ፓስዎርድ ሲጠይቅ ከኋላዬ የቆመው ሕዝብ በሙሉ አብሮኝ ለቀመ። ሳጥኑ ውስጥ ነጠብጣብ ብቻ ይታያል፤ እኔ ጠቅ የማደርገውን ፊደል ግን ያላየ የለም። አንዷማ «ስድስት ነው እንጂ ዘጠኝ አይደለም» ብላ አረመችኝ፤ ከየት እንዳወቀች አልጠየቅኋትም።

ልጁ የስክሪኑን ኪቦርድ ባመጣበት በዚያው የሴቲንግስ ገጽ ላይ ፊልተር ኪይስ የሚባል ነገር በርቶ ተገኘ። የተሠራው እጃቸው ለሚንቀጠቀጥ ሰዎች ነው፤ አጭርና ተደጋጋሚ ንክኪን ሳይታሰብ የመጣ ነው ብሎ ይተወዋል፤ ቁልፉን ተጭኖ ቆየት ያለውን ብቻ ይቀበላል። ለሚያስፈልገው ሰው ትልቅ ነገር ነው። የእኔን ችኮላ ግን በሽታ አድርጎ ቆጠረብኝ። የሚነሳውም በቀላሉ ነው፤ ቀኝ ሺፍትን 8 ሰከንድ መጫን ይበቃል። ያኔ ድምፅ ያሰማና ላብራው ወይ ብሎ ይጠይቃል፤ እንደዚህ ያለውን ጥያቄ አንብቦ የሚመልስ የለም፣ ሁሉም ከፊቱ እንዲጠፋለት «አዎ» ይላል። ጠዋት የላፕቶፔ ቀኝ ጠርዝ ላይ የግዢ ክፍል ፎልደሮች ተቆልለው ነበር። ማን እንዳስቀመጣቸውና ማን «አዎ» እንዳለ እስካሁን ያመነ የለም። ልጁ አጠፋው፤ እንዳይደገምም የሺፍቱን አቋራጭ ጭምር ዘጋው።

ሁሉም ቁልፍ አንድ ላይ ዝም ካለ እንዲህ ያለውን መፈለግ ነው። አንድ ቁልፍ ብቻ ከሞተ ግን ነገሩ ሌላ ነው፤ ብዙውን ጊዜ ከስሩ ፍርፋሪ ወይም የደረቀ ሻይ አለ። እኛ አማርኛን በላቲን ፊደል ስለምንመታ አንዲት ቁልፍ ብዙ ጉድ ታፈላለች። የጎረቤት ክፍል ባልደረባችን ኢ ቁልፉ ሞቶበት ሳለ ለፋይናንስ ማመልከቻ ጻፈ። ግዕዙ ሁሉ ሳድስ ሆኖ «ውሎ አብል ይክፍልኝ» ብሎ ወጣ፤ እሱም ሳያነብ ፈርሞ ላከው። በሦስተኛው ቀን ማመልከቻው ተመለሰ፤ ግርጌው ላይ በቀይ እስክሪብቶ «ማን ነው የሚከፍልዎት? ስሙ ይጠቀስ» ተብሎበታል።