ቅቤ በባልዲ፣ ካርፉር በወሬ

ጫንጮ የሚኖረው አጎቴ ዜና አሰማሙ ለብቻው ነው። እኛ "የውጭ ኩባንያ ሊገባ ነው" ሲባል "ይግባ"፣ "አይግባ" እያልን ስንከራከር እናመሻለን። እሱ ግን አንድ ጥያቄ ብቻ ነው ያለው፦ "ምን ልሽጥለት?"

በ2018 ዓ.ም. የፈረንሳዩ የሱፐርማርኬት ድርጅት ካርፉር ከሚድሮክ ጋር ተስማምቶ፣ በኩዊንስ ሱፐርማርኬት በኩል ኢትዮጵያ ሊገባ መሆኑ ሲወራ፣ አጎቴም ሰማ። ሰምቶም አላደረ፤ ማታውኑ ደወለልኝ።

"ልጄ፣ አንተ ወረቀት ታውቃለህ። ቅቤ ልናስገባ ነው።"

"የት ነው የምናስገባው ጋሼ?"

"ፈረንጁ ጋ ነዋ! ደግሞ ጎረቤታችን ነው።"

ጉርብትናውን ሲያስረዳኝ እንዲህ አለ። ደርባ ሲሚንቶ የማን ነው? የሚድሮክ። ወደ ደርባ የሚታጠፈው መንገድ ከየት ይነሳል? ከጫንጮ። ሲሚንቶ የጫኑት ተሳቢዎች አቧራቸውን የሚያራግፉት የማን ሱቅ ላይ ነው? የእሱ። እንግዲህ ይህን ሁሉ ዓመት አቧራ የቻለ ሰው አንድ ባልዲ ቅቤ ቢያስገባ ምን ነውር አለው?

ነገሩን ላስረዳው ሞከርኩ። የውጭ ነጋዴ ለዚህ አገር ብርቅ እንዳልሆነ፣ የህንዱ የመሐመድ አሊ ንግድ ቤት ጣሊያን በ1929 ዓ.ም. እስኪያባርረው ድረስ እዚህ ስመ ጥር እንደነበር ነገርኩት። በኋላ ግን ችርቻሮ ለአገር ልጅ ብቻ ተብሎ ተከለለ፤ በ2012 የወጣው የኢንቨስትመንት ደንብም ያንኑ አጸና። በ2016 ዓ.ም. የኢንቨስትመንት ቦርድ በመመሪያ በሩን ከፈተው። ካርፉር የሚመጣውም ራሱ ሱቅ ከፍቶ አይደለም። በፍራንቻይዝ ነው፤ ስሙንና አሠራሩን ይሰጣል፣ ገንዘቡንና ጣጣውን የሚሸከመው የአገር ውስጡ ሸሪክ ነው።

"ስሙን አከራይቶ ይበላል በለኛ!" አለ አጎቴ። በሕይወቴ ካነበብኳቸው የፍራንቻይዝ ማብራሪያዎች ሁሉ የሚያጥረው ይኼ ነው።

"ሸሪክነት ይቆያል?" ሲል ደግሞ ጠየቀኝ። የአሜሪካው ዎልማርት በ2007 እ.ኤ.አ. ከህንዱ ባርቲ ጋር በሽርክና ገብቶ በ2013 እንደተለያዩ ነገርኩት። "ስድስት ዓመት? ለቅቤ ይበቃል" አለኝ።

ፈረንጁ እስኪደርስ ድረስ በአገር ልጅ እንለማመድ ተባለና፣ ስሙን የማልጠራው የአዲስ አበባ ትልቅ ሱፐርማርኬት ተመረጠ። ቀኑንም የመረጠው አጎቴ ነው፦ ዓርብ፣ ያውም በሁዳዴ። አታድርገው አልኩት። "ቅቤ የሚረክሰው በጾም አይደለም እንዴ? በርካሽ ገዝቶ ማስገባት ነው እንጂ ንግድ" አለ። እርግጥ ነው፣ በሁዳዴ 55 ቀን ላሟ አትጾምም። የሱሉልታ ሜዳ ድርቆሽ የምትበላ ላም ጠዋትም ማታም ትታለባለች፤ ወተቱን የሚጠጣ ሲጠፋ ገበሬው ይንጠዋል፣ ቅቤው በየቤቱ ይከማቻል።

ጫንጮ በማለዳ ብርድ ናት፤ ቅቤው በባልዲው ውስጥ ድንጋይ ሆኖ ነበር። ሚኒባሱ ውስጥ ባልዲውን ጭኔ ላይ አስቀመጥኩት። ነጠላ ያጣፉ ሁለት እናቶች ገቡ፤ አንዷ አፍንጫቸውን በነጠላቸው ጫፍ ያዙና "በዚህ ጾም፣ በዓርብ ምድር!" አሉ። ሌላዋ ቦታ ቀየሩ። ረዳቱ "የባልዲውም ሂሳብ ይከፈላል" አለን። አጎቴ በኩራት ከፈለ፤ ሸቀጥ መጓጓዣ አለው ብሎ።

ሱሉልታን አልፈን እንጦጦን ስንወርድ ተሳቢ ፊታችን ቆመ። ምን እንደነካው የሚያውቅ የለም፤ መንገዱ ተዘጋ። ፀሐይዋ ወጣች፣ ድንጋዩ መላላት ጀመረ። አዲሱ ገበያ ስንደርስ ለጋ ቅቤው በክዳኑ ሥር አልፎ ሱሪዬ ላይ ነበር።

ትልቅ ሱፐርማርኬት ሁለት በር አለው። የፊቱ በራሱ ይከፈታል፤ የኋላው፣ ዕቃ የሚረከቡበት፣ በዘበኛ ነው። እኛ ከኋላው ቆምን። ጥቁር ካፖርት የለበሰ ወጣት ሰሌዳው ላይ ቅጽ ቆንጥጦ ወጣ፣ ሱሪዬን አየ፣ ምንም አላለም። ጨዋ ልጅ ነው።

"ንግድ ፈቃድ?" አለን፤ አጎቴ አወጣ። "ቲን?" አወጣ። "ባርኮድ?" አጎቴ ወደ እኔ ዞረ። "የመጠቀሚያ ጊዜው የሚያበቃው መቼ ነው?"

"ሲበላ!" አለ አጎቴ።

ልጁ ሳቁን ዋጥ አድርጎ ቀጠለ። ቅቤው በታሸገና ምልክት በተለጠፈበት ዕቃ መቅረብ አለበት፤ ከተረከቡት በኋላ ደግሞ ገንዘቡ የሚከፈለው ከ45 ቀን በኋላ ነው።

አጎቴ የባርኮዱን ችሎ ነበር። ይህን ግን አልቻለም። "የኔ ልጅ፣ ዛሬ ወስደህ፣ ዛሬ ሸጠህ፣ ብሩን ለእኔ ከፋሲካ በኋላ?"

"አሠራራችን ነው አባቴ።"

አሠራሩ የዚያ ቤት ብቻ አይደለም። ብዙ የዓለም ትልልቅ ቸርቻሪዎች የሚያድጉት በአቅራቢ ገንዘብ ጭምር ነው። ጎረቤታችን ኬንያ ናኩማት የሚባል ትልቅ ሱፐርማርኬት ነበራት፤ ሲንኮታኮት የአቅራቢዎችን ቢሊዮኖች ሽልንግ ይዞ ነው የወደቀው። ካርፉር እዚያ የገባው በ2016 እ.ኤ.አ. በዱባዩ ማጂድ አል ፉታይም በኩል ነው። ይህን ድርጅት የኬንያ የውድድር ባለሥልጣን በ2023 አቅራቢዎችን በጉልበቱ ተጫነ ብሎ 1.1 ቢሊዮን ሽልንግ ቀጣው፤ ቅሬታ ካቀረቡት አንዱ የማር አቅራቢ፣ አንዱ የምግብ ዘይት ድርጅት ነበሩ። እኛ ዘንድ የሚመጣው በሌላ ሸሪክ እጅ ነው፤ የእነዚያን ዕዳ እሱ ላይ አልጽፍም። ግን ማርና ቅቤ ያለው አገር ይህን ታሪክ ቢያውቀው አይጎዳም።

አጎቴ ሱቅ ውስጥ ከሚስማር ላይ በሲባጎ የተንጠለጠለ የተማሪ ደብተር አለ። "መምህርቷ፣ ሳሙና 2"፤ "ረጅሙ ሾፌር፣ ዘይት"፤ "የአስካለ ልጅ፣ ደብተርና እስክሪብቶ"። ደመወዝ ሲወጣ ይሰረዛል፤ ካልወጣ ገጹ ይገለበጣል። እዚያም ቤት ዱቤ፣ እዚህም ቤት ዱቤ። ልዩነቱ አቅጣጫው ነው፦ አጎቴ ለሚገዛው ያበድራል፣ ትልቁ ቤት ከሚያቀርብለት ይበደራል። ብዙ ሰው ካርፉር መጥቶ የሰፈሩን ሱቅ በዋጋ ይገድለዋል ብሎ ይፈራል። ዋጋው ይርከስ፣ እሰየው! ግን ደመወዟ ላልወጣ መምህርት የሚከፈት ገጽ የትኛው ካሸር ጋ ነው ያለው? የጫንጮ ገበሬስ በኋላ በር ሲቆም ለ45 ቀን ማበደር የሚችለው በምን አቅሙ ነው? ከመመሪያው ይልቅ እኔን የሚያሳስበኝ የዚያ የኋላ በር ደንብ ነው፤ ቅጹ ላይ ያለችው የክፍያ ቀን ብታጥርና ገበሬው በማኅበር ሆኖ አሽጎ ቢያቀርብ፣ ፈረንጅ በመምጣቱ የሚጠቀም ሰው በዛ ማለት ነው።

ወደ አዲሱ ገበያ ተመለስን። አንዲት የቅቤ ነጋዴ ባልዲውን ከፈቱ፣ በጣታቸው ቆንጥረው የእጃቸው ጀርባ ላይ ቀቡት፣ አሸተቱት። ጾም ነውና አልቀመሱም። "ለጋ ነው፣ ባዕድ ነገር የለበትም፣ ግን ፀሐይ ነክቶታል" ብለው ዋጋውን ጣሉት። አጎቴም አልተከራከረም፤ ሴትየዋ መቀነታቸውን ሲፈቱ አይቷልና።

በመመለሻችን ሚኒባስ ውስጥ ብሩን ደግሞ ደጋግሞ ቆጠረ። ካርፉርስ ቀረ ወይ አልኩት።

"ለምን ይቀራል? ይምጣ፣ እሸጥለታለሁ" አለ። "ግን በእጁ ይክፈል። ለማላውቀው ሰው ዱቤ አልሰጥም።"