በቤተሰብ አልበም ላይ መቀስ ስለሚያሳርፈው ፍርድ የቀረበ ጥናት

የጥናቱ መስክ ሳሎን ነው። አልበም ከቡፌው ሥር ወጥቶ እንግዳ ጭን ላይ የሚያርፈው ቡና እስኪፈላ ስለሆነ መረጃው ከአቦል በፊት መሰብሰብ ተጀምሮ በረካ ላይ ተጠናቋል።

አደረጃጀቱ ብዙ አያከራክርም። ፊት ለፊት ከመታወቂያ ላይ ተወስዶ ያደገ የአያት ጉርድ ፎቶ፣ ቀጥሎ ሠርግና መልስ፣ ከዚያ ክርስትና፣ ምርቃት፣ መጨረሻ ላይ ከአሜሪካ የተላከ፣ በረዶ ላይ መኪና ተደግፎ የተነሣ ዘመድ። የመኪናው ባለቤት ማን እንደሆነ መጠየቅ ነውር ነው።

ቆረጣው ግን ረቂቅ ነው። የመጀመሪያው ቆራጭ ፎቶ ቤቱ ነው። የ35 ሚሊ ሜትር ፊልም ምስል 24 በ36 ስለሆነ 10 በ15 ሲታጠብ ሁሉም ሰው ይገባል፤ ለርካሽነቱ 9 በ13 ከታዘዘ ግን ከርዝመቱ ግማሽ ሴንቲ ሜትር ያህል ይቀራል። ዳር የቆመው አጎት ጆሮውን ያጣው በዚህ እንጂ በቂም አይደለም። ሚስቱን ግን እስካሁን ማሳመን አልተቻለም።

ሁለተኛው ቆራጭ ቂም ነው። ሶቪየቶች እ.ኤ.አ. በ1940 የተገደለውን ኒኮላይ ዬዦቭን ከስታሊን ጎን ሲፍቁት በቦታው የቦይ ውኃ ሞልተውበታል። የእኛዋ እመቤት ውኃ አትሞላም፤ የልብስ መቀስ አንሥታ የቀድሞ ባሏን ከብብቱ ጀምራ ትለየዋለች። ችግሩ እጁ ነው። ትከሻዋን አቅፎ ስለተነሣ፣ እሱን መቁረጥ ቀሚሷን መቁረጥ ይሆናል፤ ቀሚሱ ደግሞ ያምራል። ስለዚህ ባል ሄዶ አራት ጣት ይቀራል። ሙሉ ሰውዬው ቢኖር አልፎት የሚሄደው እንግዳም እዚህ ላይ ይቆማል።

«እትዬ፣ ይቺ እጅ የማን ናት?»

«የማንም አይደለች። ቡናው ደርሷል፣ ቅረብ።»

ባል ሁሉ አይቆረጥም። ጉዳዩ ፍርድ ቤት ያለቀለት ይቆረጣል፤ ሽማግሌ የያዘው ግን ወደ ኋላ ይታጠፋል፤ ዕርቅ ከወረደ ይዘረጋል። ግንባሩ ላይ ሦስት የእጥፋት መስመር ያለበትን ባል ያየ ሰው የትዳሩን ታሪክ ማንንም ሳይጠይቅ ይረዳል። ገጹ ሙጫ ያለው አልበም ከሆነ ደግሞ ፎቶው ልንቀልህ ቢሉት ስለሚቀደድ በላዩ የልጅ ክርስትና ይለጠፍበታል። ይህ የድሆች ፍቺ ነው።

መቀስ የሚያነሡ ሁሉ አንድ ነገር ይዘነጋሉ፤ ፎቶ ጀርባ አለው፣ ጀርባውም ላይ ለማስታወሻ ተብሎ ተጽፎበታል። ከፊት በስተቀኝ የቆመ ሰው ሲቆረጥ ከጀርባ የሚሄደው የየመስመሩ መነሻ ነው። ይህ አጥኚ ካያቸው አንዱ «ከማይረሳሽ» በሚል ፊርማ ያበቃ ነበር፤ መቀሱ የፊርማውን ሦስት ፊደል ወስዶ «ረሳሽ» የሚለውን ትቶላታል።