ጂ+4 ልትሠሪ ነው አሉ

ይድረስ ለውድ እትዬ፣ ያቤሎ።

ጎረቤትሽ ጂ+2 ስለጀመረ አንቺ በጂ+4 ልትበልጪው ተነሥተሻል አሉ። «የፈረንጅ ፎቅ ፕላን ላክልኝ» ላልሽው መልሴ ይኸው።

የምኖረው ሚኒያፖሊስ፣ ሪቨርሳይድ ፕላዛ ነው። ራልፍ ራፕሰን የሚባል አርክቴክት የነደፈው ሲሆን፣ በፈረንጅ አቆጣጠር በ1973 ተከፈተ። ብዙ ሕንፃ ነው፤ ረጅሙ 39 ፎቅ። ጥሬ ኮንክሪቱ ላይ ቀይ፣ ቢጫና ሰማያዊ ፓነል ተለጥፎበታል። በዚሁ አቆጣጠር በ2010 የአሜሪካ የታሪክ ቅርስ መዝገብ ውስጥ ስለገባ፣ እኔም ሰሃን የማጥበው ቅርስ ውስጥ ነው። ቦረና ዘንድ ሴቷ ራሷ የምትሠራውን ቤት እዚህ የዩኒቨርሲቲ ፕሮፌሰር ነው የነደፈው። ሰውየው ሀብታምና ድሃ በአንድ ግቢ እንዲኖሩ ነበር ያሰበው። ሀብታሙን እስካሁን ሊፍት ውስጥ አላገኘሁትም፤ ሶማሌውንና ያገሬን ሰው ግን በየቀኑ።

ሊፍት ካልኩ አይቀር፣ ከቦረናዋ ሜጋ የመጡ አንድ ሽማግሌ ጎረቤት አሉኝ። ገና በሩ ሲዘጋ ሰላምታውን ይጀምሩታል። ሰዉ ሰላም ነው? ልጆቹስ? ከብቱስ? ወደ ግመሉ ሳንሻገር የእኔ ፎቅ ይደርሳል። ሽማግሌ አቋርጦ መውረድ ደግሞ ነውር ነው። እሳቸው ፎቅ ድረስ አብሬ ወጥቼ፣ በሩን በእግሬ ይዤ፣ የሣሩንና የዝናቡን እመልሳለሁ። ከብት እንደሌለኝ ያውቃሉ፤ ቢሆንም ይጠየቃል። ባለፈው የታጠበ ልብስ በቅርጫት ያቀፈች ሶማሌ እናት አንዴ እኔን፣ አንዴ እግሬን ስታይ ቆይታ በደረጃ ወረደች።

ከሕንፃው ቀለም ይልቅ እኔን የገረመኝ ውሃው ነው። ዱብሉቅ፣ ኤላ በሚባለው ጥልቅ ጉድጓድ ውስጥ ሰው በሰው ላይ ተደርድሮ፣ እየዘፈነ እየተቀባበለ ያወጣዋል። እዚህ እስከ 39ኛው ፎቅ የሚያወጣው ፓምፕ ነው፤ ዘፈን አያውቅም፣ መብራትም አይጠፋበትም። እሱ ባይኖር ይህ ሁሉ ቅርስ ለርግብ ነበር የሚቀረው።

ስለዚህ እትዬ፣ ፕላን አልልክም። አንቺ ዘንድ መብራቱ ሲጠፋ ፓምፑ ይቆማል፤ ሮቶውም ባዶውን ጣሪያ ላይ ይቀመጣል። ሁለቱን ጎረምሶችሽን ሙሉ ጄሪካን አሸክመሽ የሰው ፎቅ ደረጃ አስወጪያቸው። ማማረር የጀመሩበት ፎቅ ላይ ቆርቆሮሽን ምቺ።

ታናሽ ወንድምሽ