ያልተገኘ ይቀጣል ከሰላምታ ጋር

የዕድራችን ጸሐፊ መስመር ያከብራሉ። አዲስ አበባ በአንድ መሥሪያ ቤት መዝገብ ቤት ጡረታ እስኪወጡ የሠሩ ሰው ናቸው። እዚህ ሜሪላንድ ልጃቸው ዘንድ ከመጡ በኋላም ደብዳቤ ማለት ለእርሳቸው ቁጥርና ቀኑ ከላይ በቀኝ፣ የተቀባዩ ስም ከዚያ ዝቅ ብሎ በግራ፣ «ጉዳዩ» መሐል ላይ ተሰምሮበት፣ ግልባጭ የሚደረግለትም ከግርጌ የሰፈረበት ወረቀት ነው። የዕድር ማስታወቂያ ቢሆንም ከዚህ ወግ አይጎድልም። ድረ ገጻችን ላይ ባለችው ሳጥን ውስጥ በሁለት ጣት እየለቀሙ ይጽፋሉ፣ መስመር በመስመር ያወርዳሉ፣ መነጽራቸውን አስተካክለው አንዴ ያነቡታል፣ ይልኩታል። እኛ ዘንድ የሚደርሰው እንዲህ ሆኖ ነው፦

«ለዕድሩ አባላት በሙሉ ጉዳዩ ወርኃዊ ስብሰባን ይመለከታል እሑድ ከቀኑ 8 ሰዓት ቦታው የተለመደው አዳራሽ በሰዓቱ ያልተገኘ 20 ዶላር ይቀጣል ከሰላምታ ጋር»

ዕድር መቅጣቱ ያለ ነው። ከሰላምታ ጋር የሚቀጣ ግን የእኛው ብቻ ሳይሆን አይቀርም።

ስቄ ማለፍ ነበረብኝ። ስንት የሚያበሳጭ ነገር ባለበት ዓለም መስመር ተጨፈለቀ ብሎ የሚብሰለሰል ሰው ጤነኛ አይደለም። ክፋቱ እንጀራዬ ከኮምፒውተር ጋር የተያያዘ ነው። ነገሩ ከየት እንደሚመጣ ስለማውቅ አይቼ እንዳላየሁ መሆን አልችልም፤ ለቅሶ ቤት ተቀምጦ የአልቃሾቹን ጥርስ እንደሚቆጥር የጥርስ ሐኪም ሆኛለሁ።

ለነገሩ ማስታወቂያውን ችዬው ነበር። ያቃጠለኝ የተረኞቹ ዝርዝር ነው። ለቅሶ ሲኖር ወንበር የሚያመጣ፣ ቡና የሚያፈላ፣ ወጥ የሚያሞቅ ተረኛ በየወሩ ይመደባል። ጸሐፊያችን የወሩን አራት ተረኞች አንዱን ከአንዱ ሥር አድርገው አሳምረው ጻፉ። (ስሞቹን ቀይሬያቸዋለሁ፤ ነገም ዕድርተኛ ነኝ።) የወጣው ይህ ነው፦ «ታደሰ በቀለ አልማዝ ከበደ ግርማ ወልዴ ዘነበች አየለ»።

የእኛ ስም ለዚህ አደጋ ተብሎ የተሠራ ይመስላል። የቤተሰብ ስም የለንም፤ የራስ ስም፣ ከዚያ የአባት፣ ከዚያ የአያት እያለ ትዕግሥት እስከፈቀደ ድረስ ሽቅብ ይወጣል። «እዚህ ላይ በቃ» የሚለው መስመሩ ነው። መስመሩ ሲነሣ ዝርዝሩ ዝርዝርነቱ ይቀርና የዘር ቆጠራ ይሆናል። ታደሰ የበቀለ ልጅ፣ በቀለ የአልማዝ፣ አልማዝ የከበደ፣ ከበደ የግርማ፣ ግርማ የወልዴ፣ ወልዴ የዘነበች፣ ዘነበች የአየለ። ቆጠርኩት። ታደሰ ከራሱ በላይ ሰባት ስም አለው፤ ሰባት ቤት ሞልቶለታል ማለት ነው! ለጋብቻ ሽማግሌ የሚላክበት ወጣት ቢሆን ኖሮ እንዲህ ያለ ጥንቅቅ ያለ ቆጠራ ወርቅ ነበር።

መዘዙ ግን እዚያው ጋብቻው ላይ ነው። ግርማና ዘነበች ባልና ሚስት ናቸው፤ ልጅ አሳድገው ድረዋል። በድረ ገጹ ቆጠራ ዘነበች የወልዴ አባት ናት፣ ወልዴ ደግሞ የግርማ አባት። እንግዲህ ግርማ አያቱን አግብቷል፤ ያውም ወንድ አያቱን። አልማዝም ብትሆን ለታደሰ ታናሽ እህቱ ልትሆን በሚገባት ዕድሜ ወንድ አያቱ ሆና ቁጭ ብላለች። አንድ አባላችን ከሥራ ቦታው ስልኩን ከፍቶ ዝርዝሩን ሲያይ የሟች ስም መሰለው። ዘሩ እንዲህ ተቆጥሮ የሚጠራ ሰው ትልቅ ሰው መሆን አለበት ብሎ ገምቶ፣ «ነፍስ ይማር፤ ለቅሶው የት ነው?» ሲል ለጸሐፊያችን ደወለ። ታደሰ ራሱ ይህን ሲሰማ ለጥቂት ቀን ፊቱ ጥሩ አልነበረም።

ይህ እንግዲህ ሁሉም ባለ ሁለት ስም ሲሆን ነው። መሐል ላይ «ገብረ ሥላሴ» ወይም «ኃይለ ማርያም» ዓይነት ለሁለት ተከፍሎ የሚጻፍ ስም ሲገባ ደግሞ ሁለት ሁለት እያለ የሚቆርጠው አንባቢ አንዱን ሰው ሁለት ያደርገዋል፤ ከእርሱ በኋላ የተጻፈው ሁሉ አንድ አንድ ደረጃ ይንሸራተትና የሰው አባት ለሌላ ሰው ይደርሳል። በዚያ ወር ወንበር ያመጣ ሰው አልነበረም። ሁሉም «እኔ የለሁበትም፤ ያለው አያቴ ነው» ቢል ማን ይፈርድበታል?

መስመሮቹ የት ሄዱ? የትም አልሄዱም፤ የሚያንገበግበኝም ይኸው ነው። ጸሐፊያችን መስመር ባወረዱ ቁጥር ሳጥኗ ሁለት የማይታዩ ምልክቶች ትልካለች። በአስኪ ሰንጠረዥ ቁጥራቸው 13 እና 10 ነው። 13 «ወደ መስመሩ መጀመሪያ ተመለስ» ይላል፣ 10 «አንድ መስመር ውረድ»። ትእዛዙ ሁለት የሆነው በቴሌታይፕ ዘመን ማተሚያውን ወደ ግራ ጫፍ መመለስና ወረቀቱን አንድ ደረጃ ማንከባለል ሁለት የተለያየ ሥራ ስለነበረ ነው። መሥሪያ ቤቶቻችን በኦሊቬቲ ታይፕራይተር ሲንጫጩ የነበሩበትን ጊዜ የሚያውቅ ሰው ነገሩን በክንዱ ያስታውሰዋል፦ መስመሩ ሊያልቅ ሲል ደወሏ ትጮሃለች፣ በግራ ያለው ዘንግ ይገፋል፣ ጋሪው ክርርር ብሎ ይመለሳል፣ ወረቀቱም ከፍ ይላል። ኢንጂነር አያና ብሩ አማርኛን ታይፕራይተር ላይ ለማውጣት ሲደክሙ ጭንቁ ያ ሁሉ ፊደል በጥቂት ቁልፍ እንዴት ይጠቃለላል የሚለው ነበር። መስመር ማውረዱን ማሽኑ ያውቅበታል። ከዚያ ሁሉ ዘመን በኋላ ፊደሉ ያለ ጭንቅ ይጻፋል፣ ያስቸገረን መስመሩ ነው።

የድረ ገጹ ዳታቤዝም ቢሆን አይታማም። የተሰጠውን 13 እና 10 ሳያጎድል አስቀምጧል፤ ዛሬም ከፍቶ ላየው ዘነበችና ግርማ እዚያ ውስጥ በየመስመራቸው ተከባብረው አሉ። ጥፋቱ የሚመጣው ጽሑፉ ብሮውዘር ፊት ሲቀርብ ነው። የብሮውዘር ሕግ አጭር ነው፦ ክፍት ቦታ ይሁን፣ ታብ ይሁን፣ መስመር ማውረጃ ይሁን፣ ስንትም ሆኖ ቢደረደር አንድ ክፍት ቦታ ነው። ሕጉ ያለ ምክንያት አልወጣም። ቲም በርነርስ-ሊ ሰርን ውስጥ ድሩን ሲያቆም ጽሑፍ ሰፊም ጠባብም ስክሪን ላይ ራሱን እያጠፈ እንዲገባ ነበር የተፈለገው፤ ስለዚህ ጽሑፉን ያዘጋጀው ሰው ለራሱ ምቾት የሰባበረው መስመር አይቆጠርም። እውነተኛ መስመር የፈለገ «ቢአር» የምትባል ምልክት ያስገባ፣ ጽሑፉ እንዳለ እንዲታይ የፈለገ ደግሞ «ፕሪ» በሚባል ምልክት ይጠቅልለው ተባለ። እ.ኤ.አ. በ1995 የወጣው የኤችቲኤምኤል 2.0 ደንብ ውስጥ ሁለቱም አሉ። ጸሐፊያችን ይህን ደንብ አላነበቡም። ማንበብም አይገባቸውም።

የብራና ጸሐፊዎች ቢያዩን ይስቁብናል። ብራና ውድ ነው፤ ለአንድ መጽሐፍ ስንት ፍየልና በግ ይታረዳል። ስለዚህ ጸሐፊው ዝርዝር መጣ ብሎ ግማሽ መስመር ባዶ እየተወ ቆዳ አያባክንም። ብዙውን ጊዜ በሁለት ዓምድ ከጫፍ እስከ ጫፍ ይሞላዋል፤ ቦታ ካለቀበት ቃሉን መሐሉ ላይ ቆርጦ ይወርዳል፣ ይቅርታም አይጠይቅም። በቃልና በቃል መሐል ሁለት ነጥብ፣ ሐሳቡ ሲዘጋ አራት ነጥብ፣ ክፍሉ ሲያልቅ ደግሞ በቀይና በጥቁር ያጌጠ «፨» ያኖራል። ይህን ገጽ እንዳለ ገልብጠው ለብሮውዘር ቢሰጡት የሚጠፋበት ነገር የለም፤ መለያው ሁሉ በዓይን የሚታይ ነው። ዩኒኮድ እ.ኤ.አ. በ1999 በ3.0 እትሙ ፊደላችንን ሲቀበል «፨»ንም የአንቀጽ መለያ ብሎ መዝግቧታል። ብሮውዘር እርሷን ሲያይ መስመር አያወርድም፣ ግን አይበላትም። የቅኔ ተማሪም ቢሆን መስመር አያስጨንቀው፤ ጉባኤ ቃና ሁለት ቤት፣ መወድስ ስምንት ቤት መሆኑን የሚያውቀው በጆሮው ነው፤ ጨፍልቀህ ብትሰጠውም ቤቱ ሲመታ ይሰማል። የተጎዳነው በመሐል ያለነው ነን። ሁለት ነጥቡን ጥለን በባዶ ቦታ ተካን፣ «፨»ን ጥለን በባዶ መስመር ተካን፤ ከዚያ ባዶ የሚበላ ማሽን መጣ።

ይህን ሁሉ ሐተታ የደረደርኩት ድረ ገጹን የሠራልንን ልጅ ላለመቆጣት ነበር። አልሆነልኝም። የአባላችን ልጅ ነው፣ በነፃ ነው የሠራልን፣ እግዜር ይስጠው። ግን ጸሐፊያችን ደውለው «ልጄ፣ የምጽፈው ተጨፈላልቆ ይወጣል» ቢሉት ምን አላቸው? «ጋሼ፣ ሲስተሙ ነው። እርስዎ ሲጽፉ በነጠላ ሰረዝ ይለዩት።» ሲስተሙ ማን ነው? ማን ወለደው? እሱው አይደለም እንዴ የጻፈው? ደግሞ ይህ ልጅ የሚሠራው በፓይተን ነው። በዚያ ቋንቋ አንድ መስመር ያለ ቦታው በአንዲት ክፍት ቦታ ወደ ውስጥ ቢገባ ፕሮግራሙ ቀጥ ብሎ ይቆማል። የእሱ ባዶ ቦታ ሕግ ነው፣ የጸሐፊያችን መስመር ግን ጌጥ! መፍትሔው ደግሞ አንዲት መስመር ናት፤ የገጹ መልክ በሚታዘዝበት በሲኤስኤስ «ዋይት-ስፔስ» የሚለውን «ፕሪ-ላይን» ማድረግ፣ አለቀ። እ.ኤ.አ. በ2011 ሲኤስኤስ 2.1 ሲጸድቅ እዚያው ውስጥ ነበረች። ፒኤችፒ የሚጽፉትም «ኤን-ኤል-ቱ-ቢ-አር» የምትባል የድሮ ትእዛዝ አለቻቸው። አንዲት መስመር ላለመጻፍ ሲባል ዕድሜውን ሙሉ የመንግሥት ደብዳቤ ሲያቃና የኖረ ሰው «አጻጻፍዎን ያስተካክሉ» ይባላል። ሁልጊዜም እንደዚሁ ነው። ስማችን ቅጹ ውስጥ አልገባም ሲል ስማችንን የምናሳጥረው እኛ፣ ፊደላችን ባዶ ሳጥን ሆኖ ሲወጣ በላቲን የምንጽፈው እኛ፣ መስመራችን ሲበላ ነጠላ ሰረዝ የምንለቅመው እኛ። ማሽኑ አጠፋ፣ የሚታረመው ግን ሰው ነው። እስከ መቼ?

በዚህ ንዴት ነው የደወልኩለት። «ደህና ዋሉ ጋሼ፣ እማዬ ስለ እርስዎ ስታወራ ነበር» ብሎ ጀመረ፤ እንዲህ ካለ ሰው ጋር መጣላት ከባድ ነው። ለካ እሱም ሞክሮ ነበር። መጀመሪያ በየመስመሩ ጫፍ ቢአር ከትቶ ዳታቤዝ ውስጥ አስቀመጠው፤ ሠራ። ቀጥሎ አንድ ጓደኛው ሰው የሚጽፈውን ሁሉ አምነህ ብሮውዘር ላይ አትልቀቅ፣ ክፉ ሰው ስክሪፕት ይከትበታል ብሎ መከረው። ትክክል ነው። ስለዚህ የገባው ሁሉ ኮድነቱ ቀርቶ ተራ ጽሑፍ ሆኖ እንዲታይ አደረገ። ያኔ ቢአሮቹም ተራ ጽሑፍ ሆኑ፤ ከየአባሉ ስም ቀጥሎ ሁለት የላቲን ፊደላት በቀስት ታጥረው ብቅ አሉ። አንድ አዛውንት የትምህርት ማዕረግ መስሏቸው «ከሁላችንም ስም ኋላ ያለው ከእኔ ለምን ቀረ?» ብለው ቅሬታ አቀረቡ። የእርሳቸው ስም የመጨረሻው መስመር ላይ ነበር። ልጁ ደንግጦ ሁሉንም አጠፋው። ከዚያ ወዲህ ባይነካው አልፈርድበትም።

«እሺ፣ ያቺን አንዷን መስመር አሁን አስገባት» አልኩት።

«አስገባታለሁ ጋሼ፤ ግን ፓስወርዱ ተቀይሯል። ያለው የድሮው ኮሚቴ ጋ ነው።»

የድሮው ኮሚቴ ከአዲሱ ኮሚቴ ጋር በሒሳብ ምርመራ ምክንያት ተኮራርፏል። ሰላምታ የሚለዋወጡት ለቅሶ ላይ ብቻ ነው፣ እሱም በአንገት። ስለዚህ በመጨረሻው ስብሰባ ጉዳዩ ሽማግሌ ይላክበት ተብሎ ተወሰነ፤ ለሲኤስኤስ ሽማግሌ ሲላክ ይህ የመጀመሪያው ይመስለኛል። ሦስት ሰው ተመረጠ፤ አንደኛው ፓስወርድ ማለት የቤት ቁልፍ መስሎት «ተባዝቶ አይሰጠንም ወይ?» አለ።

እስከዚያው ጸሐፊያችን ነጠላ ሰረዙን እምቢ ብለዋል። «፨»ን ነው የምጠቀመው አሉ። አዳራሹ ውስጥ ስልክ የያዘ ሁሉ ምልክቷን መፈለግ ያዘ። አንዱ «አራት ነጥብ ላይ ተጭነህ ቆይ» ይላል፣ ሌላው «የእኔ ኪቦርድ አራት ነጥብም የለው» ይላል። ገንዘብ ያዣችን እትዬ አገኟት፣ እንዴት እንዳገኟት ግን ደግመው ማሳየት አልቻሉም። በዚህ መሐል አንድ ሰው ተነሥቶ እኛ ስለ ነጥብ ስንከራከር የዕድሩ የሚታጠፉ ጠረጴዛዎች ካለፈው ለቅሶ ወዲህ አልተመለሱም አለ። ጨዋታው ወዲያው ወደዚያ ዞረ። ቨርጂኒያ ናቸው ያለ አለ፣ የለም የቤተ ክርስቲያኑ ምድር ቤት ውስጥ ናቸው ያለም አለ። እኔ ዝም አልኩ። ጋራዣችን ውስጥ ከበረዶ መጥረጊያው ኋላ የተደገፈ ነገር ያየሁ መሰለኝ፤ የጎረቤትም ሊሆን ይችላል።