«ዜና ልጠብቅ ብዬ ነው»፦ ጥሩ ድራማ ሳይታሰብ ስለመገኘቱ በሙጃ የተደረገ ጥናት

የዚህ ጥናት ዓላማ «እኔ ድራማ አላይም» ያለ ሰው ድራማ የሚያይበትን ሁኔታ መመርመር ነው። የጥናቱ ቦታ የግዳን ወረዳዋ ሙጃ፣ መሣሪያው የአንድ ቡና ቤት ቴሌቪዥን ሲሆን፣ ናሙናው የተወሰደው ወንበር እስካለ ድረስ ነው። ከአቡነ ዮሴፍ ተራራ በኩል የሚመጣው ብርድ ተነስቶ ወደ ቤት መሄድን ስለሚያከብድ፣ ድራማውን ወዶ የተቀመጠውን ብርዱን ፈርቶ ከተቀመጠው መለየት አልተቻለም።

ጥሩ ድራማን ፈልጎ ያገኘ ሰው አልተገኘም። ሁሉም ዜና ሊጠብቅ ወይም ኳስ እስኪጀመር የተቀመጠ ነው። የቡና ቤቷ እመቤት «አያ፣ ዜናው እኮ አለቀ» ብትል፣ «የነገውን ነው» የሚል መልስ ተመዝግቧል።

ወደ ታሪኩ ስንመለስ፣ አገራችን ቴሌቪዥን ያየችው በ1957 ዓ.ም. ነው። «ሰው ለሰው» የተሰኘው ተከታታይ ድራማ በመጣ ጊዜ አበበ ባልቻ የተጫወተውን አስናቀን መራገም የምሽት ሥራ ሆነ። ቃና ቴሌቪዥን በ2008 ዓ.ም. የቱርክ ፍቅረኞችን በአማርኛ ሲያናግር የአዲስ አበባ የጥበብ ሰዎች ተቃወሙ። ሙጃ ግን ብዙም አልደነቃትም። በከተማ ድራማ ውስጥ እንደሷ የሚናገር ሰው ብቅ የሚለው ዘበኛ ወይም የቤት ሠራተኛ ሆኖ፣ ያውም ለማሳቅ ነው። አነጋገሩም ከየትኛው አገር እንደመጣ አይታወቅም። ይህን ለለመደ ጆሮ፣ ከንፈሩና ቃሉ የማይገጥም የኢስታንቡል ሰው እንግዳ አይደለም።

እንግዲህ የሙጃ ተመልካች ያለ ፈተና አያምንም። ፈተናው በሦስት ዘርፍ ባለሙያዎች ይካሄዳል። ቡና የምትቀዳ ሴት ስኒውን ታያለች፤ ተዋናዩ አነሳሱ ቀለል ካለ ስኒው ባዶ ነው፣ ድራማውም ያው። ሸማኔው ጋቢውን ያያል፤ ድሃ ገበሬ ተብሎ የቀረበው ሰው ጋቢ የሱቅ እጥፋቱ ገና ካልለቀቀ ሐዘኑ ተቀባይነት የለውም። አራሹ ደግሞ ሞፈሩን ያያል። በዚህ ጊዜ ጸጥ ብሎ ቢቆይ እንኳ ማለፊያ ውጤት ነው፣ ምክንያቱም የተለመደው አስተያየቱ ሳቅ ነው።

አዜብ ወርቁ ከባልደረቦቿ ጋር የጻፈችው የአርትስ ቲቪው ድራማ «እረኛዬ» እዚህ ላይ ልዩ ቦታ አለው። ገጠሩን ለሳቅ አላመጣውም፤ የባላገሩን ሰው እንደ ሰው አናገረው። እኔ በበኩሌ ጥሩ ነው ከማለት ውጪ ሳይንሳዊ አገላለጽ አላገኘሁለትም። ቡና ቤቱ ግን ማድነቁን በይፋ አላመነም፤ «ደህና ነው» አለ። በሙጃ ሚዛን ይህ ከፍተኛው ማዕረግ ነው።

ጥናቱን ያወሳሰበው መብራት ነው። መብራት ሲጠፋ የቀረውን ክፍል፣ ስልኩ ላይ አይቻለሁ የሚል ጎረምሳ ይተርካል። ሽማግሌዎቹ ያርሙታል፣ እመቤቲቱ ባሏን ትታ የሄደችዋን ሴት ትመልሳለች፣ አንዱ ደግሞ ዘበኛውን ባለርስት ያደርገዋል። ተጠኚዎቹ «ከሁሉ የሚበልጠው ክፍል የቱ ነው?» ተብለው ሲጠየቁ፣ ያለ ልዩነት የጠቀሱት ዘበኛው ርስቱን ያስመለሰበትን ክፍል ነው። አሁንም ድጋሚው መቼ እንደሚተላለፍ እየጠየቁ ነው።