ጋቢ ፍለጋ በሮማ

ሮማ፣ ጥር 4 ቀን

ይድረስ ለውድ እናቴ፣ ለጋሼ፣ ለማሙሽ፣ ለሚሚ፣ እንዲሁም ሚሚ ጮክ ብላ ስታነብ በረንዳቸው ላይ ልብስ የሚያሰጡ መስለው ለሚያዳምጡት እትዬ፤

እኔ ከናንተ ናፍቆትና ከዚህ ብርድ በቀር እግዚአብሔር ይመስገን ደህና ነኝ። አሁን የምጽፍላችሁን በስልክ ያልነገርኳችሁ ማሙሽ ወሬው ሳይጋመስ ስለሚስቅና ኔትወርኩም የሱን ሳቅ ስለማይችል ነው።

ዝርዝራችሁ ደርሶኛል። ማሙሽ ነጭ ስኒከር፣ ሚሚ ቦርሳ («ኦርጅናል ካልሆነ ይቅር»)፣ ጋሼ ደግሞ «ምንም»። የጋሼ «ምንም» ሳሪያን ኮቱ አልቆለታል ማለት እንደሆነ እናውቃለን። ግን ኮት ብልክላቸው አቃቂ ጨርቃ ጨርቅ ባሠለጠነው ጣታቸው ጠርዙን አሸት አሸት አድርገው «ይሄ ሱፍ አይደለም» ይሉና ለአጎቴ ይሰጡታል። አጎቴም ያንን የሰርጉን ከረባት ያስርበታል። ሕዝብ ላስጨርስ እንዴ? ይቅር።

ወደ ብርዱ ልመለስ። ሮማ የቤት ማሞቂያ የሚበራው በሕግ ነው፤ ከኖቬምበር እስከ ኤፕሪል አጋማሽ፣ ያውም በቀን ከ12 ሰዓት ሳይበልጥ። የምንከባከባቸው ሲኞራ ደግሞ ሕግ የፈቀደላቸውንም አይጨርሱም። ፈጣን መንገዱ አፍ ላይ፣ ያ አደባባይ ጋ ታክሲ ስጠብቅ የቱሉ ዲምቱ ንፋስ የገረፈኝ ልጅ ነኝ ብዬ ነበር፤ የዚህኛው ግን ቤት ድረስ ይከተላል። እማዬ፣ ሻንጣው ከኪሎው ሲያልፍ ጋቢዬን አውጥተሽ በርበሬውን ውስጡ ያስቀረሽው አንቺ ነሽ። «የጣሊያን አገር ልብስ ሞልቷል» ብለሽ።

እሺ፣ ከገና በፊት በነበረው እሁድ ፍለጋ ወጣሁ። ፖርታ ፖርቴዜ የሚባል ገበያ አለ፤ በየእሁዱ ጠዋት ይነጠፍና ከቀትር በኋላ ይጠቀለላል። የተቆለለው ልብስ፣ የነጋዴው ጩኸት፣ ኪስ ዳባሹ ሁሉ የመርካቶ ቦንዳ ተራ ነው። ጣሊያንኛዬ ገና «ግራሲየ» እና «ፒያኖ ፒያኖ» ላይ ነው፤ ሁለተኛውንም ያወቅሁት ሲኞራን ከአልጋ ሳነሳ ስለሚጮሁብኝ ነው።

አንድ ሽማግሌ ነጋዴ ፊት ቆምኩና እግሬን እያሳየሁ በአማርኛ «ካልሲ» አልኩት። «ካልጼ!» ብሎ አንድ እቅፍ አነሳልኝ። እንዴ! እጄን ዘርግቼ «ጓንት»፤ «ጓንቲ!» አንገቴን ይዤ «ሻርፕ»፤ «ሻርፓ!» «ካፖርት»፤ «ካፖቶ!» «ካናቴራ»፤ «ካኖቲዬራ!» ከረባት ምን ያደርግልኛል፣ ግን ለሙከራ «ከረባት» አልኩ፤ «ክራቫታ!» ድምፄ እየጨመረ፣ ነጋዴዎቹ እየተሰበሰቡ ሄዱ። «ሙታንታ» ሊያመልጠኝ ሲል የከበበኝን ወንድ አየሁና ዋጥኩት።

አያታችን ትዝ አሉኝ። አምስቱን ዓመት ጫካ ከርመው ምን ይዘው መጡ እያልን እንስቅባቸው አልነበር? ለካ በ1933 ጣሊያንን ሲሸኙት ከካፖርት እስከ ካናቴራ አስወልቀው ነው! እነሱ የአክሱምን ሐውልት ወስደው ነበር፤ በ1997 መለሱት። ቆሞበት የነበረው ቦታ ከገበያው ብዙም አይርቅም፣ በዚያ ሳልፍ ዞር ብዬ አየዋለሁ። የእነሱን ካልሲ ግን እኛ እስከ ዛሬ አልመለስንም። እስኪጠይቁን ዝም ነው።

እዚህ ላይ ጥጋብ መጣብኝ። ራሴን ነካ ነካ አድርጌ «ኮፍያ» አልኩ። «ኩፊያ?» አለና ጎረቤቱን ጠራው። ጎረቤቱ እንደ ድንጋይ የከበደ የሙዚቃ ማዳመጫ አምጥቶ ጆሮዬ ላይ ደፋው። ብርድ ነው ለማለት ትከሻዬን ሳንቀጠቅጥ እስክስታ መስሎት ድምፁን ጨመረልኝ።

እሱን አውልቄ «ነጠላ» አልኩ፤ ነጠላ ጫማ፣ ለመታጠቢያ ቤት። አንዲት ሴትዮ «አ፣ ኑቴላ!» ብላ ሮጠች። ይዛ የመጣችው ዳቦ ላይ የሚቀባ ቸኮሌት ነው። እኔ እግሬን አንስቼ «ነጠላ፣ ነጠላ» እላለሁ፤ እሷ አንዴ እግሬን አንዴ ብልቃጡን ታያለች። እግሩን ቸኮሌት የሚቀባ ሕዝብ እንዳለ ያን ቀን ያወቀች ይመስለኛል።

ይሄም ይሁን። የመጣሁበትን ልጠይቅ ብዬ «ጋቢ» አልኩ። ዝም። እጄን ዘርግቼ ትልቅ፣ ሰው ሙሉ የሚገባበት መሆኑን አሳየሁ። ሽማግሌው ግንባሩን መታ፤ «ጋቢያ!» እጄን ይዞ ጥቂት ድንኳኖች አልፎ አንድ ዝገት የበላው የሽቦ የወፍ ቤት ፊት አቆመኝ። አይደለም፣ ወፍ የለኝም፣ የምገባበት እኔ ነኝ ብዬ ደረቴን መታሁ። ማታ ማታ፣ ስተኛ፤ ጉንጬን እጄ ላይ አሳረፍኩ። ሴትዮዋ አማተበች። «ሲኞራ፣ ብርድ» እያልኩ ሳስረዳ ደግሞ የባሰ ተረዱኝ፤ አሠሪዬ ሌሊት ሌሊት የሽቦ ቤት ውስጥ የምትቆልፍብኝ መሰላቸው። አንዱ ጎረምሳ ፖሊስ ሊደውል ስልኩን አወጣ። ሽማግሌው ዓይኑ እንባ አቀረረ፣ ካልሲውንም በነፃ ጨመረልኝ። አልመለስኩለትም፤ የቤተሰባችን ልማድ ነው።

ያዳነችኝ አንዲት ያገር ልጅ ናት። ስቃ ስቃ ሲወጣላት «ኮፐርታ በይ» አለችኝ፤ ብርድ ልብስ ማለት ነው። ከሳሪስ ናት። ቱሉ ዲምቱ ነኝ ስላት «እሱ ደግሞ አዲስ አበባ ነው እንዴ?» አለችኝ። ባሕር ተሻግሬም ከዚህ ስድብ አልዳንኩም።

ብርድ ልብሱ ይሞቃል። ግን የማንም ሽታ የለውም። በእኛ ገና ዕለት፣ የእነሱ በዓል አልቆ ሲኞራ የዛፉን ጌጥ በካርቶን ሲከቱ፣ እኔ የአበሻ ቀሚሴን ለብሼ ወጥ ቤት ተቀመጥኩ። «የት ልትሄጂ ነው?» አሉኝ። የት እሄዳለሁ? ሽሮ ሠርቼ አቀመስኳቸው። የእማዬ በርበሬ ምን እንዳደረጋቸው አልናገርም፤ ማሞቂያውን ግን በገዛ እጃቸው አጠፉት።

ማሙሽ፣ ነጭ ስኒከር ለቱሉ ዲምቱ? የሰፈሩ ስም ቀይ ኮረብታ፣ ጭቃው ጥቁር፣ ጫማህ ነጭ፤ ክረምት ላይ ፌስታል አጥልቀህበት ልትሄድ ነው? «42 ነኝ» ማለትህንም አላምንም። እግርህን ወረቀት ላይ አስቀምጠህ በእስክሪብቶ አዙረህ ላክ። ሚሚ፣ «ለጥምቀት ያልሆነ ቀሚስ ይበጣጠስ» እያልሽ የእኔን ባለ ሰማያዊ ጥለት እንዳትነኪ፤ የሚበጣጠስ ከሆነ የራስሽ ይበጣጠስ።

ይህን ደብዳቤ የምታመጣላችሁ ያቺው የሳሪስ ልጅ ናት፤ ለጥምቀት ነው የምትመጣው። በደንብ አብሏት፣ ስለ ሰፈራችንም የተናገረችውን እዚያው ታርመው። ስትመለስ ጋቢዬን ስጧት። እማዬ፣ አደራሽን፣ ጋቢውን ብቻ፤ በርበሬ እንዳትጠቀልይበት።

ናፋቂያችሁ