ልቡ ላይ ነው ወይስ ታች?

ተረት ተረት።

የላም በረት።

ድሮ፣ የመንዝ ብርድ ከዛሬው በባሰበት ዘመን፣ ጓሳ ሜዳ የጭላዳዎች አገር ነበር። ሌሊቱን ገደሉ ላይ ተለጥፈው ያድራሉ፤ ፀሐይ ሞቅ ሲል ወደ ሜዳው ይወጡና ቁጭ ብለው ሣር ይነጫሉ። ከፊታቸው ያለው ሲያልቅ አይነሡም፤ በመቀመጫቸው እየተንፏቀቁ ትንሽ ፈቀቅ ይላሉ። ቀይ ቀበሮ በመካከላቸው ይመላለሳል። እነሱ አይሸሹትም፣ እሱም ግልገላቸውን አይነካም፤ ዓይኑ ያለው ከሣሩ ሥር በምትሯሯጠው አይጥ ላይ ነው። (ይህ እንኳ ተረት አይደለም። ጓሳ ላይ ተቀምጠው የቆጠሩ አጥኚዎች እንዳገኙት፣ ቀበሮ በጭላዳ መንጋ መሀል ሆኖ ሲያድን ከመቶ ሙከራ 67ቱ ይሰምርለታል፤ ብቻውን ሲያድን 25ቱ ብቻ።)

ጭላዳዎቹ አንድ ሕግ ነበራቸው። ሜዳው ይዘጋል፤ ሦስት ዓመት፣ አራት፣ አንዳንዴም አምስት። ሣሩ ጉልበት እስኪያወጣ ማንም አይነካውም። ጠባቂዋ እምዬ የሚሏት ባልቴት ጭላዳ ነበረች። ድርቁ ሲጠና እሷ ትከፍታለች፣ ክረምቱ ሲገባ እሷ ትዘጋለች። የመንዝ ሰውም ይህን ሕግ ያውቀዋል። አስቦና ጌራ የተባሉት አባቶች በ17ኛው ክፍለ ዘመን አቆሙት የሚባለው ቄሮ ይኸው ነው፤ ጓሳ የሚሉት ሣር ለቤት ክዳን፣ ለገመድ፣ ለገሳ እንዲደርስ ሜዳውን ዘግቶ ማቆየት። ጭላዳ ከሰው ተማረ ወይስ ሰው ከጭላዳ፣ ተረቱ አይናገርም። እኔም ለመንዝ ሰው ስል ዝም እላለሁ።

አሁን ወደ ጠቡ። ጭላዳ ደረቱ ላይ ፀጉር የሌለው ቀይ ቦታ አለው፤ ወገቡን እንደታሠረ የገብስ ነዶ ከላይና ከታች ሰፋ፣ ከመሀል ቀጠን ያለ። «የላይኛው ልባችን ነው፣ የታችኛው ጥላው ነው» እየተባለ ኖሯል። አንድ ጠዋት ውርጩ ቀልጦ ባቆረው ውሃ ላይ አንድ ጎረምሳ ጎንበስ ብሎ ደረቱን አየ። ውሃው ደግሞ ሁሉን ገልብጦ ያሳያል።

«አባቶች ዋሽተውናል» አለ። «ልባችን የታችኛው ነው።»

መጀመሪያ ተሳቀበት። ቀጥሎ ጥቂቶች ወደ ውሃው ሄደው አዩና ሳይስቁ ተመለሱ። ከዚያ የላዩ ወገንና የታቹ ወገን የሚባል መጣ። ከዚያ ጋብቻ ቀረ፤ ከዚያ ቅማል መለቃቀም ቀረ፤ ለጭላዳ ከጋብቻ ይልቅ ይኼኛው ይከፋል። በመጨረሻ እምዬን ከበው «አንቺ የማን ወገን ነሽ?» አሏት።

«የሣሩ» አለች።

እዚያው ሻሯት።

በማግስቱ የላዩ ወገን የራሱን ጠባቂ ሾመ፣ የታቹም የራሱን። ሁለት ጠባቂ ያለው ሜዳ ጠባቂ የለውም። «እኔ ባልበላው እነሱ ይበሉታል» እየተባለ የተዘጋው ሣር በጨረቃ ተጋጠ፤ ቅጠሉ ሲያልቅ ሥሩ ተቆፈረ።

የታቹ አለቃ አያ ታቹ ሌሊቱን ሸሸ። የላዩ አለቃ አያ ላዩ «ሕዝቤን ያሳመፀ!» እያለ ተከተለው። ከጓሳ ወደ ግሼ፣ በራቤል ገደሎች ሥር፣ ተመልሶ በመሐል ሜዳ፣ ከዚያም ወደ መርሐቤቴ። ስንት ዓመት እንደሮጡ የቆጠረ የለም። አያ ታቹ የጀማ ሸለቆ አፋፍ ላይ ደርሶ መግቢያ ሲያጣ፣ ፊቷ እንደ ምጣድ የከበበ መርከብ ከሰማይ ዝቅ አለችና አፈፍ አድርጋ አነሣችው። አያ ላዩም ዘሎ ጅራቱ ላይ ተንጠለጠለ፤ ሁለቱም ገቡ።

እንዲህ ያለች መርከብ ከየት መጣች ለሚለኝ፦ ከቴሌቪዥን። «ስታር ትሬክ» የተባለው የአሜሪካ ተከታታይ ፊልም በ1961 ዓ.ም. ጥር ወር ባሳየው ክፍል ውስጥ ሁለት ባላንጣዎች፣ አሳዳጅና ተሳዳጅ፣ ኢንተርፕራይዝ በምትባል የጠፈር መርከብ ላይ ይገናኛሉ። ሁለቱም ፊታቸው እኩል ለሁለት የተከፈለ ነው፣ ግማሹ ጥቁር፣ ግማሹ ነጭ። የመርከቧ ካፒቴን ከርክና መኮንኑ ስፖክ ልዩነቱ አልታይ ይላቸዋል። አሳዳጁ ይገርመዋል፤ እኔ ጥቁሩ በቀኝ ነው፣ የእሱ ወገን ሁሉ በግራ ነው፣ ይላል። ሲባረሩ 50,000 ዓመት ሆኗቸዋል። ማርቲን ሉተር ኪንግ ከተገደሉ ገና ዓመት አልሞላም ነበር፤ አሜሪካዊ ተመልካች ስለማን እንደሚወራ አልጠፋውም። ብዙ ሐያሲ ምሳሌው ግልጽነት በዛበት ይላል። እኔ አልስማማም፤ ቀኝና ግራ እየተባለ ሰው በሚሞትበት ዓለም ምሳሌው የተሸፈነ ቢሆን ምን ይጠቅማል?

ይልቅ መርከቧ ውስጥ እንግባ።

«እንግዶቼ፣ ምን አጣላችሁ?» አለ ካፒቴኑ።

«ጌታዬ፣ አይታይዎትም?» አለ አያ ላዩ ደረቱን ገልጦ። «የእኔ ልብ ላይ ነው። የእሱ ታች ነው!»

ካፒቴኑ አንዱን አየ፣ ሌላውን አየ፣ እንደገና የመጀመሪያውን አየ። ጆሮው የሾለ መኮንን ነበረው፤ መለኪያ አምጥቶ የሁለቱንም ደረት ለካ። «ላይኛውና ታችኛው እኩል ናቸው» አለ። «ከአንዱ ወደ ሌላው ሲኬድም ልዩነት የለም።»

«መለኪያህ የማን ወገን ነው?» አለው አያ ታቹ።

ሽምግልና ይቀመጥ ተባለ። ሁለቱም አልተቀመጡም። ካፒቴኑ ቢቸግረው «ወደ አገራችሁ ልመልሳችሁ፤ ወገኖቻችሁ ይዳኟችሁ» አለ። በዚህ ብቻ ተስማሙ፤ እያንዳንዱ ወገኔ አሸንፎ ይጠብቀኛል ብሎ ነበርና።

መርከቧ ጓሳ ላይ ወረደች። ነፋስ ነበር። ሣር ግን አልነበረም፣ የሚያወዛውዘው ስላጣ ነፋሱ ድምፅ አልነበረውም። ገደሉ ላይ የሚጮህ ግልገል የለም። አንድ የደረቀ ጅብራ ሥር ቀይ ቀበሮ ጎድኑ ወጥቶ ተኝቷል።

«ወገኖቼ የት ሄዱ?» አሉ ሁለቱም ባንድ አፍ። በዕድሜያቸው አንድ ቃል አብረው የተናገሩት ያን ጊዜ ነው።

ቀበሮው ቀስ ብሎ ቀና አለ። ጆሮው የሾለውን መኮንን ሲያይ ዘመድ ያገኘ መስሎት ለእሱ ተናገረ። «ጌታው፣ እነዚህ አብረው ሲውሉ እኔም በእግራቸው መሀል ጠግቤ አድር ነበር። ሲለያዩ ብቻዬን አደንኩ፣ ከአራት አንዴ ቢሳካ ነው። ከዚያ ሣሩ አለቀ፣ አይጧ አለቀች። እነሱ መጨረሻ ላይ ለውሃው ኩሬ ተዋጉ፤ ልባቸውን የሚያዩበት እሱ ነዋ። ኩሬውም ደርቋል።»

እውነተኛው ጓሳ እንዲህ አልሆነም፣ ይህን ላስገባ። ቄሮ ከ1967 ዓ.ም. የመሬት አዋጅ በኋላ ፈረሰ፣ ሜዳውም ተጎዳ። የአገሩ ሰው ግን እንደገና ተሰባስቦ መጠበቅ ያዘ። ጭላዳውም ቀበሮውም ዛሬ አሉ። ተረት ክፉኛውን መንገድ ይመርጣል።

አያ ላዩና አያ ታቹ ተያዩ። ካፒቴኑ ይተቃቀፋሉ ብሎ ጠበቀ። ቀበሮው ግን ዓይኑን ጨፈነ፤ ያውቃቸዋል።

«አንተ ነህ የጨረስካቸው!»

«አንተ ነህ!»

ዘለው ወረዱ። አንዱ ባዶውን ሜዳ ይዞ ሮጠ፣ ሌላው ተከተለው። አቧራው ከርቀት አንድ ነበር፤ የማን እንደሆነ አይለይም።

መርከቧ ተነሣች። ቀበሮውን ይዛው ሄደች የሚሉ አሉ፣ እኔ የሰማሁት አልጠቀሰም። መርከበኞቹ ለብዙ ሰዓት ዝም አሉ። በኋላ አንዱ ሳቀ። «ለዚህች ብለው!» አለ። ሌሎቹም ሳቁ።

«ግን» አለ አንድ ወጣት መርከበኛ፣ ሳቁ ጋብ ሲል፣ «ልብ ብላችሁ ካያችሁት የላይኛው በእርግጥ ልብ ይመስላል።»

«የታችኛው እንጂ!» አለ ጓደኛው።

ጆሮው የሾለው መኮንን ከሚጽፍበት ቀና አለ። ማታ ለእራት ሲገባ፣ ሁልጊዜ ባንድ ይበላበት የነበረው ረጅም ገበታ መሀሉ ላይ አንድ ወንበር ክፍት ሆኖ አገኘው። በዚህና በዚያ ወገን የተቀመጡት ሁሉ የት እንደሚቀመጥ ያዩት ነበር።